ሳይገጠም የቀረው ፊልትሮ

የፊተኛዋ የጓዳውን በር በእጇ ከፍ፣ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። በሩ ሌላ መላ የለውም፤ እንዲያ ካልተደረገ አይዘጋም። ይህን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። እንግዳ ሰው አንዴም ሁለቴም ያላጋውና ተስፋ ቆርጦ ገርበብ እንዳለ ትቶት ይሄዳል።

ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ጥግ ሆና አየቻት። ባሏ የተቀበረው ትናንት ነው። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር አልበቃ ብሎ ወንዶቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከዚህ ሁሉ መሃል ለእሷ የታያት ያቺ በር የገፋች ጉልበት ናት። ይቺ ሴት ከዚህ ቤት ከወጣች ስንት ዘመኗ? ጉልበቷ ግን አልረሳም። ሰው ባሏን በቀበረች ማግስት በበር ትቀናለች? ትቀናለች። ቅናት ለቅሶ ቤት ነው ብሎ ከደጅ አይመለስም።

«የፊተኛዋ» የሚሏት የሟቹን የመጀመሪያ ሚስት ነው። ልጅ ሳይወልዱ ተለያዩ፤ እሷም ለየሱቁ እንቁላል እያከፋፈለች ለብቻዋ ኖረች። ትናንት ከቀብር በቀጥታ መጣች፣ ማንም ሳያዛት ጓዳ ገባች፣ ይኸው እስካሁን ሻይ ትቀዳለች። ቁመቷ እንደ ሟቹ መለሎ ነው፤ ትሪ ይዛ ስትመጣ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚያመሰግናት። ዓይኖቿ በለቅሶ ብዛት አብጠዋል። የልብስ ሰፊዋ ዓይኖች ግን ደርቀዋል።

«የፊተኛዋን አየሻት?» አለች ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።»

«ይቺኛዋስ?»

«ተዪያት፣ ደንግጣ ይሆናል።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ከጩኸት ይበልጥ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ የቀረበላትን ሻይ ሳትቀምሰው ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

የሟቹ አጎት ሰዉን በትከሻው እየከፈለ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የሟቹ እናት ታናሽ ወንድም ነው፤ ቁጣም ሆነ ልመና በአንድ ድምፅ የሚናገር ሰው።

«ልጄ፣ ራዲዮ ሄዳለች» አላት።

«የት?»

«ወደ አገሯ ነዋ። በቀትሩ አውቶቡስ።»

«ራዲዮ» የሚሏት የሩቅ ዘመዳቸውን ነው። አፏ ውስጥ ወሬ አድሮ አያውቅም። የምትኖረው ደግሞ ከሟቹ እናት ጋር ግድግዳ ተጋርታ ነው። እናትየው ዓይናቸው ደክሟል፣ ከከባድ ሕመምም የተነሡት ገና በቅርቡ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እስኪጠነክሩ ድረስ የልጃቸው ሞት እንዳይነገራቸው ቤተሰቡ ተስማምቶ ነበር። አውቶቡሱ በየመንደሩ እየቆመ ሲመሽ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ስምምነት የሚባል ነገር የለም።

«ቀድሞ የሚነግራት ሰው መድረስ አለበት» አለ አጎትየው። «እኔ እንደሆንኩ አልችልም። እህቴን ገና ሳያት አፌ ይታሰራል።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

አጎትየው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «አንቺ ሰው ትቀበያለሽ። የኮንትራት መኪና በስልክ እያስፈለግኩ ነው፤ እሷ ትሂድ ብለናል።» በአገጩ ወደ ጓዳው ጠቆመ። «እማማ ድምፅዋን ትወዳለች። ከእሷ ብትሰማ አይከብዳትም።»

«የማን ሚስት ናትና ነው እሷ የምትነግራቸው?»

«ልጄ፣ ለእማማ ብለን እኮ ነው።»

ይህን አልጠበቀችውም ማለት አይቻልም። አማቷን ለመጠየቅ በሄደች ቁጥር አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ትወስድ ነበር። አሮጊቷ ስፌቱን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይሉና ወዲያው ደግሞ፣ «ረጅሟስ ደህና ናት?» ይላሉ። ባሏ ይስቅ ነበር። «እናቴ አንዴ የያዘችውን አትለቅም» ይላት ነበር፣ ቀልድ መስሎት። እሷም አብራው ትስቅና ማታ አንሶላ ስትዘረጋ ከሚገባው በላይ ትወጥረው ነበር። እና ዛሬ፣ ልጃቸው ሞተ ብሎ ለመንገር እንኳ ረጅሟ ልትላክ ነው። የአሮጊቷ እቅፍ ውስጥ ገብታ የምታለቅሰው ረጅሟ፣ ሚስቱ ሆና የምትታወሰው ረጅሟ፣ እሷ ራሷ ግን እዚህ ወንበር ስትቆጥር ልትውል ነው።

«የራሱ መኪና አለ፤ ይወስደኛል» አለችና ተነሣች።

«ተፈታቶ የለም እንዴ?»

«የቀረው ፊልትሮው ብቻ ነው፤ እገጥመዋለሁ። የኮንትራቱ መኪና ከመምጣቱ በፊት ከተነሣ እኔ እሄዳለሁ። ካልተነሣ እሷን ላኳት።»

አጎትየው ሊከለክላት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው።

ፒክአፑ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ እንደቆመ ነው። ማንም አልነካውም፤ ብቻ አንዱ ጎረቤት ናፍጣ ማጣሪያው የሚገጠምበትን ቦታ አቧራ እንዳይገባው ብሎ በፌስታል ሸፍኖታል። አዲሱ ፊልትሮ ከካርቶኑ ሳይወጣ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጧል። አሮጌው ሥሩ ጋ ወድቋል።

የሞተው እዚሁ ነው። በዚያ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ስፌት ክፍሏ ብቅ ብሎ፣ «የኔ ባለሙያ፣ ንጹሕ ጨርቅ አታጪልኝም» አላት። ከትምህርት ቤት ሸሚዝ የተረፈ ነጭ ቁራጭ ሰጠችው። በመስኮቷ በኩል አሮጌውን ሲያወጣ አየችው። ከዚያ አንድ ኮሌታ ገለበጠች፣ ቀና ስትል አልታያትም፣ መኪና ሥር ገብቶ ነው አለች። ሻይ ይዛለት ስትወጣ ጎማው አጠገብ በጎኑ ተኝቶ አገኘችው። ልቡ ነው አሉ። ጨርቁ እጁ ውስጥ ነበር፣ ገና ናፍጣ ያልነካው።

ፊልትሮ ሲቀይር ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ግን ሁልጊዜ በመስኮት ነው። መኪናውን እንድትነዳ ይፈቅዳል፣ ጭነት እንድትጭን ይፈቅዳል፣ ኮፈን ሲከፍት ግን ወደዚያ ድርሽ አትልም። «ከኮፈኑ ራቂልኝ» ይላታል፤ አይቆጣም፣ ግን አይመለስም። ለምን እንደሆነ ነግሯት አያውቅም። የነገረቻት ጎረቤት ናት፣ ያውም ሳትጠየቅ። «የፊተኛዋ እኮ እንደ ረዳት ነበረች። ሁለቱም ኮፈን ሥር ይገቡና ለኛ የሚታየን አራት እግር ብቻ ነበር።» ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታለች። ከዚያ ወዲህ ባሏ ኮፈን በከፈተ ቁጥር በመስኮት የምትቆጥረው እግር ነው። ሁለት ብቻ ሲሆን እንኳ አራት ይሆንባታል።

አሁን ጥቁር ልብሷን በአሮጌ ሽርጥ ሸፈነችና ገባችበት። ከአሮጌው ፊልትሮ ቂጥ የውሃ ጠቋሚውን ፈታ ወደ አዲሱ አዛወረች። ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቁራጭ ሁለት እጥፍ አድርጋ አነጠፈችና ከጀሪካኑ ናፍጣ በጨርቁ ላይ ቀስ እያለች ወደ አዲሱ ፊልትሮ አወረደች። የአዲሱን የጎማ ቀለበት በናፍጣ አራሰች። በእጇ አዙራ አዙራ እስኪጠብቅ ገጠመችው። በረንዳ ላይ የቆሙት ወንዶች ጨዋታቸውን አቁመው ያይዋታል። አንዱ፣ «ላግዝሽ፣ እህቴ?» አላት። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለችው። የሚያግዝ ሰው ኖሮ ከተነሣ፣ እሷ አስነሣችው አይባልም።

የእጅ ፓምፑን ጨቀጨቀችው። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ ከውጭ እንደቆመች እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተንገራገጨ፣ ተንገራገጨ፣ ለመነሣት አንድ ሐሳብ ሲቀረው ጸጥ አለ። ወደ ኮፈኑ ስትመለስ ናፍጣው በፊልትሮው አፍ ዙሪያ ጠብ ጠብ ይላል።

ይበልጥ አጠበቀችው። ባሰበት።

«አሮጌው ጎማ እላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንዳይሆን» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። የፊተኛዋ ነበረች፣ ባዶ ትሪ ብብቷ ሥር ይዛ።

«አልጠየቅኩዎትም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። ከትናንት ጀምሮ የምታናግራት በአንቱታ ነው። አክብራት አይደለም፤ አጥር ነው።

«እውነትሽን ነው፣ አልጠየቅሽኝም።»

የፊተኛዋ ግን አልሄደችም። ልብስ ሰፊዋ እንደገና ፓምፑን ጨቀጨቀች፣ እንደገና ቁልፉን አዞረች። አሁን ድምፁ ከፊተኛውም ደከመ። ባትሪው እየሞተ ነው። በዚህ መሃል አጎትየው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ በረንዳው ላይ ወጣ። «ተገኝቷል፤ እየመጣ ነው» አለ፣ ለማን እንደሚነግር ለራሱም ግልጽ ሳይሆንለት።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ኩራቷን ይዛ ብትቀር ሴትዮዋ በኮንትራት መኪና ትሄዳለች። ብትጠይቃት ደግሞ ጠየቀቻት ይባላል። ሁለቱንም መዘነቻቸው፤ ሁለቱም መራራ ናቸው።

«በሉ እስቲ ይዩት» አለች።

የፊተኛዋ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ፊልትሮውን አላልታ አወረደችና እጇን ወደ ላይ ሰድዳ ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። ጠፍጣፋ፣ የጠቆረ የጎማ ቀለበት ልጣጭ መስሎ ወጣ። «ይኸውልሽ። ሁለት ጎማ ተነባብሮ አየር ያስገባል። እሱም አንዴ እንዲህ ሆኖበት ግማሽ ቀን ሞተሩን ሲሳደብ ዋለ።»

ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏ ሞተር ሲሳደብ ሰምታ አታውቅም። የፈሰሰውን ለመተካት ጨርቁን ማንቆርቆሪያው ላይ መልሳ አነጠፈች።

«ጨርቁ ምን ያደርጋል?» አለች የፊተኛዋ።

«ናፍጣው ይጣራበታል። ያለ ጨርቅ ሞልቶ አያውቅም።»

«ማን? እሱ?»

«እሱ ነዋ።»

«እኔ የማውቀው ሰውዬ ከጀሪካኑ ነበር ቀጥ አድርጎ የሚገለብጠው። አጣራው ስለው፣ ናፍጣ ወተት ነው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ፓምፑ ተበላና ክረምቱን ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጥን።» የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችው። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?»

«እኔ ጋ ሲመጣ ያውቅ ነበር።»

የፊተኛዋ ጨርቁን ለቀቀችው። «ሰምቶኝ ነበር ለካ» አለች። «ሰማኝና፣ ላንቺ አደረገው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ አንሶላ ስትወጥር የራሷ ፊት እንዲህ ነው የሚሆነው። ሴትዮዋ ቀንታለች። ማዘን በነበረባት ቦታ ልብስ ሰፊዋን ደስ አላት፣ እውነቱን ለመናገር ከተቀበረ ወዲህ መጀመሪያ ደስ ያላት ያኔ ነው። ደስታው ግን ሩቅ አላስኬዳትም።

ፊልትሮውን ሞልታ መልሳ ገጠመችው። አሁን አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ፓምፑን ትጫናለች፣ የፊተኛዋ የአየር ማስወጫውን ብሎን ታላላለች። አረፋ ያለው ናፍጣ እየተፋ ይወጣል፣ ብሎኑ ይዘጋል፣ እንደገና ይጫናል። ሁለቱም ኮፈኑ ሥር ገብተዋል። ልብስ ሰፊዋ ባላሰበችው ሰዓት አራቱ እግር ትዝ አላት።

«አብራችሁ ነበር አሉ የምትሠሩት» አለች። አንቱታው አመለጣት። «እዚህ ሥር ገብታችሁ።»

«ማን አለሽ?»

«ጎረቤት።»

«እግራችንን ካዩ፣ ጆሯቸው የት ሄዶ ነበር?» የፊተኛዋ ብሎኑን ጠበቅ አደረገች። «ይጮህብኝ ነበር። መብራቱን ወዲህ ያዢ፣ ቁልፉን ቶሎ በይ። አንድ ቀን የተሳሳተ ቁልፍ አቀበልኩት። ሲናደድ የኮፈኑን ድጋፍ በክርኑ መታው፤ ኮፈኑ ወረደ።» የቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። ሌባ ጣቷ ከመካከሉ ወደ ጎን ዞሮ ቀርቷል። «ከዚያ በኋላ ከኮፈን አጠገብ ሲያየኝ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። እኔም ብዙ አልቆየሁም።»

ከኮፈኑ ራቂልኝ። ልብስ ሰፊዋ ፓምፑን ይዛ ቀረች። ይህን ሁሉ ዘመን ቦታው የሌላ ሴት ነው ብላ ተቃጥላ ነበር፤ ለካስ ለእጇ ሳስቶ ነው። እፎይ ማለት ነበረባት። ግን ቅናት የሰጡትን አይጥልም። ያ መሳሳቱ፣ ያ ለእጇ መጨነቁ፣ ከሌላ ሴት ጣት የተማረው ነው። በዚህም ቀናች።

«በኔ ላይ ጮኾ አያውቅም» አለች። ጉራም ቅሬታም ሆኖ ወጣ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ብርጭቆዎችሽ። ሻይ ስቀዳ አየኋቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። በኔ ጊዜ ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ኖሮን አያውቅም፣ ግድግዳው ነበር የሚጨርሳቸው።» የፊተኛዋ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ጥሬውን እኔ በላሁት፤ አንቺ የበሰለውን አገኘሽ።»

«የበሰለውም ቶሎ አለቀ።»

የፊተኛዋ፣ «ጫኚው፣ ጫኚው፣ ጠንክሯል» አለች። ፓምፑ እውነትም ጠንክሮ ከእጅ ጋር ይታገል ጀመር። የወጣው ናፍጣ አረፋ አልነበረውም።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ቅድሙ ከውጭ ቆማ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳል ሳል አለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሣና ግቢውን ሞላው። በረንዳ ላይ የነበሩት ወንዶች ለማጨብጨብ ቃጥቷቸው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ኪስ ከተቱ። አጎትየው ስልኩን አውጥቶ፣ «ይቅር፣ አትምጣ» ሲል ተሰማ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ፣ «በይ እንግዲህ፣ ቀንቶሻል፣ ሂጂ። ለእማማ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አላት።

አሸንፋለች። ኮፈኑን ዘጋች፣ ሽርጧን ፈታ ጣለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ መኪናው ላይ ወጣችና መሪው ኋላ ተቀመጠች። የፊተኛዋ ትሪዋን አንሥታ ወደ ጓዳው መሄድ ጀምራ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ እግሯን ዘረጋች። ጣቷ ብቻ ነካው።

ወንበሩ እሱ በተወበት ነው። የትምህርት ቤት ልብስ ልታደርስ በነዳች ቁጥር ወደ ፊት ትስበዋለች፤ በማግስቱ እሱ ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጭና፣ «ይቺ ሴትዮ መኪናዬን የሕፃን ጋሪ አደረገችው» እያለ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ድምፁ እስከ ስፌት ክፍሏ ይሰማት ነበር፤ ማሽኗን እየረገጠች ለብቻዋ ትስቃለች። እጇን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደችና ብረቱን አገኘችው። አንዴ ከሳበችው ይመጣል። ከመጣ ግን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው የለም፤ መኪናው እስኪያረጅ ድረስ የእሷ ልክ ሆኖ ይቀራል።

ብረቱን ያዘች። ለቀቀች። እንደገና ያዘች። አጎትየው በመስኮቱ፣ «ምነው፣ አልገባም አለሽ ማርሹ?» አላት። ለሁለተኛ ጊዜ ስትለቀው በሩን ከፍታ ወረደች።

«ነይ» አለች ወደ ጓዳው በኩል። «አንቺ ንጂ።»

የፊተኛዋ ከነትሪዋ ዞረች። «እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትሄጂው?»

«እሄዳለሁ። አንቺ ግን ንጂ። እግርሽ ይደርሳል።»

የፊተኛዋ መጥታ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች፤ መርገጫዎቹን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ከዚያ አጭሯን ሴት አየች። ትሪውን ለአጎትየው አስያዘችው።

«ለእማማ ግን የምነግራቸው እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የሰጠሁሽ መንዳቱን ነው።»

«አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው» አለች የፊተኛዋ።

ልብስ ሰፊዋ በወዲያኛው በኩል ዞራ ገባች። የፊተኛዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ መሪው ሥር ልክክ አለ፣ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ሙሉ አረፈ። እንዲያ ልክ መሆኑ ልብስ ሰፊዋን አንገበገባት፣ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ በሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ነገር አናጋቸው። ያኔ ፊቷን ሳትመልስ ግራ እጇን ሰደደችና፣ እሱ ከተወበት እንዳይንሸራተት፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ አጥብቃ ያዘች።